በቆቦ ወፍጮ ቤት የተከሰሰው የጎን ፊት

ደሴ፣ ከጥዋቱ 12 ሰዓት

ኅዳር ገና መግባቱ ነው፤ የደሴ መናኸሪያ ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። እኔ ግን ላብ ላብ ይለኛል። በአንድ እጄ ቦርሳ ይዣለሁ፤ በሌላው አራት ኪሎ የሚመዝን የአውሮፓ ሥዕል ታሪክ መጽሐፍ ታቅፌያለሁ። የአባዱላው ሾፌር መጽሐፉን አየና፣ እናቴ እሱን ፖርቶ መጋላ ላይ እናውጣው ወይ አለኝ። ጉልበቴ ላይ ይሄዳል አልኩት። እንግዲያው የአንድ ሰው ሂሳብ ይከፈልበታል ብሎ ቀለደብኝ። እናቴ ማለቱን ይቅር ብዬ ሳቅሁለት፤ ዛሬ በሆነው ባልሆነው መሳቅ አምሮኛል።

ልንገራችሁ፣ የምሄደው ተከስሼ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ደሴ ውስጥ የሥዕል ታሪክ አስተምሬያለሁ። ጎቲክ ስል ተማሪዎቼ ያዛጋሉ፤ ባሮክ ስል ስልካቸውን ይነካካሉ፤ ኩቢዝም ላይ ስንደርስ ግማሹ ክፍል አንቀላፍቷል። የአሳሳል ስልት የሰው ኑሮ ያናጋል ብዬ ስምል ማንም አምኖኝ አያውቅም። ባለፈው ሳምንት ግን አያ ንጉሤ የሚባሉ የቆቦ ባለወፍጮ በአሳሳል ስልት የተነሳ የልጃቸውን ሰርግ አስቆሙና ሠዓሊውን "ይህን ያስተማረህን ሰው አምጣ" አሉት። ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሠዓሊው ደውሎ ይህን ነግሮኝ ስልኩን እንደዘጋሁ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከዚያ ልጁ አሳዘነኝና መንገዱ ሰላም መሆኑን ሰው ጠይቄ ቦርሳዬን አዘጋጀሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አራጋው የሚባል የቀድሞ ተማሪዬ ሮቢት ላይ የሱቅና የምግብ ቤት ማስታወቂያ እየሳለ ይኖራል። የአያ ንጉሤን ልጅ ዝናሽን ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። ሽማግሌ ተላከ፣ እሺ ተባለ፣ ሰርጉ ለጥር ተቆረጠ። አያ ንጉሤ ማሽላቸውን ሊያዩ ለሳምንት እርሻ ላይ ሲሰነብቱ፣ አራጋው ደስ ላሰኛቸው ብሎ የወፍጮ ቤታቸውን የውጭ ግድግዳ በመልካቸው ሞላው። ፎቶውን በስልክ ልኮልኛል። ትልቅ ነው፤ ያምራል፤ ግን በጎን ነው። ጆሮ አንድ፣ ዓይን አንድ።

የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እያየ ያደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። በእኛ አሳሳል ቅዱሳን ፊት ለፊት ሆነው በሁለት ትልልቅ ዓይን ያዩናል። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ይሁዳ ነው፤ ችንካር የሚመታው ወታደር ነው፤ ሰይጣን ነው። አያ ንጉሤ ከእርሻ ሲመለሱ ራሳቸውን ከእነዚህ ጋር ተደምረው አገኙት። በዚያ ላይ ቤቱ ሚዛን ያለበት ወፍጮ ቤት ነው። የሚዛኑን አንድ ጎን ብቻ ያያል ተብዬ ነው የተሳልኩት ብለው ግድግዳውን በማዳበሪያ ከረጢት አስሸፈኑት። ለሽማግሌዎቹም እሺታዬን አንስቻለሁ አሏቸው።

ከሐይቅ ወዲያ፣ 1 ሰዓት ተኩል

መጽሐፉን ለራሴ ልከልስ ብከፍተው መኪናው ሙሉ አንገቱን አሰገገ። ከጎኔ የተቀመጡት ባለ ነጠላ እናት የወርቅ መደብ ያላቸውን የቢዛንታይን ሥዕሎች ሲያዩ ገጹን ጎንበስ ብለው ተሳለሙት። የኛ ነው አሉ። አይ፣ ከቁስጥንጥንያ ነው፤ ጣሊያኖቹም መጀመሪያ ከነሱ ነው የተማሩት፤ ኋላ ደግሞ ከሮም የመጣች የእመቤታችን ሥዕል የኛን ሠዓሊዎች እጅ ቀየረች አልኳቸው። እንግዲያው የኛ ነው አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ከዚያ መጽሐፉ ከእጄ ወጣ። ከኋላ ወንበር እስከ ሾፌሩ ድረስ ዞረ። ጎቲክ ላይ አንድ ግንበኛ ነኝ ያለ ሰው ቀና ብሎ፣ ይህን ሁሉ ድንጋይ ወደ ሰማይ የሰቀሉት በምን እንጨት ረብርበው ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ በሃያ ስድስት ዓመት ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። ባሮክ ላይ ሲደርሱ፣ ጨለማ ውስጥ በአንድ ሻማ የበራ ፊት አይተው መብራት ጠፍቶባቸው ነው ወይ አሉ። ሮኮኮን፣ ሮዝ ቀሚስ ለብሳ ዥዋዥዌ የምትጫወተዋን፣ የሰርግ ቪዲዮ ነው ብለው ፈረዱ። እኔም ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ስለሌለኝ ለክፍሌ ያዝኩት።

ሾፌሩ በመስታወት እያየኝ፣ ይሄ ሁሉ የተለያየ አሳሳል የመጣው ሠዓሊዎቹ ስለማይስማሙ ነው ወይ አለኝ። በከፊል ነው አልኩት። ልጅ አባቱ በሳለበት መንገድ መሳል ያስጠላዋል፤ ከዚያ ሩቅ አገር የተሳለ ነገር ያይና እሱን ይዞ ይመለሳል። ይሄማ የኛም ቤት ነው ብሎ ማርሽ ቀየረ።

ወልዲያ፣ 3 ሰዓት ተኩል

ፉል በቃሪያ አዝዤ ለአራጋው ደወልኩለት። ቆጣ ብዬ ነው ያናገርኩት። ፊት ለፊት መሳል ከክፍሉ ማን ይበልጥህ ነበር? ሁለት ዓይን መሳል ያቃተህ መቼ ነው? ለአማችህ የምታበረክተውን ሥዕል ምን ሲባል በጎን ታደርገዋለህ? ሁሉንም ሰማኝና "ቲቸር፣ በጎን ነው መሳል የነበረበት" አለ። ይህ ልጅ ወትሮም ግትር ነው፤ ግን ያለ ምክንያት ግትር ሆኖ አያውቅም።

ስልኩን ዘግቼ መከላከያዬን አሰናዳሁ። የጣሊያን መሳፍንት ሬነሳንስ በሚባለው ዘመን የጥንት ሮማውያንን ሳንቲም ቆፍረው እያወጡ ያዩ ነበር። ሳንቲሙ ላይ ነገሥታቱ በጎን ነው ያሉት። እኛም እንደነሱ ነን ለማለት በጎን መሳልን ፋሽን አደረጉት። ስለዚህ የጎን ፊት እዚያ የክብር ነው፤ አያ ንጉሤም በመስፍን ወግ ነው የተሳሉት። ይህን ስል እንዴት እንደማምር እያሰብኩ ፉሉን ጎረስኩ።

ሁለተኛ ሳልጎርስ መጽሐፉን ገለጥኩ። ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ በምሳሌነት የማሳየው ቀይ ቆብ ያደረገ፣ አፍንጫው የጎበጠ መስፍን ትዝ አለኝ። ያ ሰው በጎን የተሳለው ለወግ ብቻ አይደለም። ሌላው ዓይኑ በፈረስ ግጥሚያ ጠፍቶበታል፤ ሠዓሊው ደህናውን ጎን ነው የሳለው። አያ ንጉሤ ሌላው ዓይኑስ ብለው ቢጠይቁኝ አለቀልኝ። ገጹን ለመቅደድ እጄን ዘረጋሁ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ። ከዚያ በራሴ ስስቅ አስተናጋጇ ውሃ አመጣችልኝ።

ጎብዬ፣ 5 ሰዓት ሊሆን ሲል

ሹራቤን አወለቅሁ። ከወልዲያ ወርደን የራያ ሜዳ ሲከፈት ሰማዩ ራሱ ይሰፋል። ግራና ቀኝ ማሽላ፣ ማሽላ፣ ማሽላ፤ ራሱ ከብዶት ያዘነበለ ቀይ ማሽላ፣ ነጭ ማሽላ። ማማ ላይ የቆሙ ወፍ ጠባቂዎች ወንጭፍ ያጮሃሉ። ግመሎች አስፋልቱን እንደ ባለቤት ያቋርጣሉ፤ ሾፌራችን ጥሩንባ አይነፋባቸውም፣ ይጠብቃቸዋል። ጎብዬ ላይ ሻይ ጠጥተን ፓፓያ ገዛሁ፤ ሻጯ አንዱን ቆርጣ አስቀመሰችኝና አንድ አስቤ ሦስት ይዤ ተነሳሁ።

ፈረንሳይ ውስጥ አንድ ሠዓሊ የገበሬ ክምር ጥዋት፣ ቀትር፣ ማታ፣ በረዶ ሲጥልም እየደጋገመ ስሎ ነበር። ክፍል ውስጥ ይህን ስናገር አንዱ ተማሪ ሌላ ሥራ አልነበረውም ወይ ብሎኛል። እነዚያ ሰዎች ከጃፓን የእንጨት ህትመት ሥዕሎች ደማቅ ቀለም መድፈርን ተምረው፣ ጥላ ጥቁር አይደለም ብለው ከአገር ተጣሉ። ጎብዬን አልፈን አንድ የአገዳ ክምር አየሁና ጥላው ሰማያዊ ነው ብዬ ጮህኩ። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። አየው። እውነትም ሰማያዊ ነው አለ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ መንገድ ስመላለስ አላየሁትም አለ። ከዚያ እስከ ሮቢት ድረስ የዛፉንም የግመሉንም ጥላ ቀለም እየጠየቀኝ ሄድን።

ሮቢት፣ 5 ሰዓት ተኩል

አራጋው መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቀናል። ሱሪው የቀለም ገበታ ሆኗል፤ ፊቱ ከስቷል። እሱን ሳልስመው በፊት ግን ከኋላው ያለው ሥጋ ቤት ዓይኔን ያዘው። ግድግዳው ላይ የተሳለ፣ በመንጠቆ የተሰቀለ የበሬ ሥጋ፣ መደቡ ድቅድቅ ጨለማ፣ ብርሃን ከአንድ ጎን ብቻ የሚወርድበት። ባሮክ! ጭማቂ ቤቱ ላይ በሮዝ ደመና መካከል ወፋፍራም ሕፃናት አቮካዶ ታቅፈው ይበርራሉ። ፀጉር ቤቱ ላይ ደግሞ በሦስት ማዕዘን በሦስት ማዕዘን የተከፋፈለ የኩቢዝም ራስ አለ፤ ፀጉር አስተካካዩ ወጥቶ፣ ደንበኛ እንዲህ ነው ወይ የምትቆርጠው እያለ ይሸሻል ብሎ ከሰሰልኝ። ይህን አሳሳል የጀመረው ስፔናዊ ከአፍሪካ ጭምብል እኮ ነው ያየው፣ ወደ አህጉሩ ተመለሰ ማለት ነው አልኩት። ይመለስ፣ በኔ በር ላይ ግን ለምን አለኝ።

እኔ መንገድ መሀል ቆሜ እንባዬ መጣ። የሃያ ስድስት ዓመት ትምህርቴ ሮቢት ላይ በየግድግዳው ተለጥፏል። አንድ ሰው ነቅቶ ይሰማኝ ነበር። አራጋውን አቅፌ ሳምኩት፤ ቀለሙ ቀሚሴ ላይ ቀረ።

መኪናው ውስጥ አብሮን ሲሳፈር እንደገና ለምን በጎን አልኩት። በመስኮቱ ወደ ማሽላው ዞረ። ዝናሽ እንደምታለቅስ ነገረኝ፤ አባቷን አልፋ እንደማትመጣ፣ እሱም አልፈሽ ነይ እንደማይላት። ጥር ካለፈ ነገሩ አለቀ፤ ያኔ ብሩሹን ጥሎ ከዚህ አገር እንደሚሄድ ነገረኝ። ያኔ ሳቄ ትንሽ በረድ አለ።

ቆቦ፣ ከሰዓት በኋላ 7 ሰዓት

የገበያ ቀን ነው። አፋሮቹ ከግመሎቻቸው ጋር፣ የራያ ጎረምሶች ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ፍየል፤ ከዚህ ሁሉ ኋላ የዞብል ተራራ በሙቀቱ ይንቀጠቀጣል። ወፍጮ ቤቱ ከገበያው ጥግ ነው። ግድግዳው በከረጢት ተሸፍኗል፤ ከረጢቶቹ መሀል አንድ ጆሮ ሾልኮ ወጥቷል። ባለእህል ሴቶች በሩ ላይ ተራ ይዘው እኔን እኔን ያዩኛል። ከሳሽና ተከሳሽ መገናኘታቸው ከተማው ውስጥ ተሰምቷል መሰለኝ።

አያ ንጉሤ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው፤ ቆባቸውን ወደ ግራ ጋደል አድርገዋል፤ ቅንድባቸው ላይ ዱቄት አለ። ከጎናቸው ሐጂ ይመር ተቀምጠዋል፤ የልጅነት ጓደኛቸው፣ ለአራጋው ሽማግሌ ሆነው የተላኩትም እሳቸው ናቸው። ሐጂ ገና ሳልቀመጥ፣ እኔ በሥዕል ነገር አልፈርድም፣ ወላሂ የመጣሁት ለልጆቹ ነው ብለው አሳወቁኝ። በግራ ያለው አግዳሚ ላይ ልቀመጥ ስል አያ ንጉሤ "ወዲህ፣ በቀኜ ይሁኑ" አሉኝ። ክብር መስሎኝ ኮራሁ።

ሞተሩን አስጠፉ። ጸጥ ሲል ዱቄቱ አየር ላይ ቀረ። "መምህርት፣ አንቱ ነዎት እንዲህ ሳል ብለው ያስተማሩት?" አሉኝ። እኔ ነኝ አልኩ። ከዚያ ሳንቲሙን፣ ሮማውያኑን፣ መሳፍንቱን አንድ በአንድ ዘረገፍኩት። የኛ ሠዓሊዎች በዓይን እንደሚፈርዱ፣ የነሱ ግን አፍንጫና አገጭ ላይ ክብር እንደሚያዩ ነገርኳቸው። ሐጂ ይመር በመሀል ከዚያ ሁሉ ሮማዊ ይልቅ የሰርጉ ድንኳን ያሳስበኛል አሉ። አያ ንጉሤ አልሳቁም። እስቲ አንዱን መስፍን ያሳዩኝ አሉኝ። ሌላ ምን አደርጋለሁ፣ መጽሐፉ ውስጥ ያለው ባለ ቀይ ቆቡ ብቻ ነው፤ ከፈትኩላቸው።

መጽሐፉን ተቀበሉኝ። ጉልበታቸው ላይ ወደ ቀኝ ሳቡት፤ ፊታቸውን ቀስ ብለው ወደ ግራ አዞሩና በቀኝ ዓይናቸው አዩት። እኔ በቀኛቸው ተቀምጬ የማየው ያንኑ አፍንጫ፣ ያንኑ አገጭ፣ ያንኑ አንድ ዓይን ነው፤ አራጋው በስልክ የላከልኝ ሥዕል ነፍስ ዘርቶ አጠገቤ አለ። ቀና ሲሉ ቆባቸው ሸርተት አለ። በግራ ዓይናቸው ላይ ሞራ ነጭ ሆኖ ተቀምጧል። ዞሬ አራጋውን አየሁት፤ መሬት መሬት ያያል። ይህ ልጅ ዓለም ሙሉ ሲሰድበው አፉን የዘጋው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

"የዚህ መስፍን ሌላው ዓይኑስ?" አሉኝ።

መዋሸት እችል ነበር። አፌም ሊዋሽ ተከፍቶ ነበር። ግን ልጁ በእኔ ውሸት ሳይሆን በራሱ ሥራ ይዳን አልኩና "የለም፤ በፈረስ ግጥሚያ ጠፍቶበታል። ሠዓሊው ደህናውን ጎኑን መርጦ ሳለለት። እስከ ዛሬ ድረስ ሰው የሚያየው ያንን ጎኑን ነው" አልኳቸው።

"መስፍኑ አዞት ነው?"

"እሱን አላውቅም። እኔ የሚመስለኝ ግን ሠዓሊው ያከብረው ነበር።"

መጽሐፉን ዘጉት። ከዚያ ወደ አራጋው ዞሩ፤ መዞር ሲሉ መላ አካላቸውን ነው የሚያዞሩት፤ አሁን ሁሉ ነገር ይታየኛል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅህ?"

"ከጥምቀት ጀምሮ" አለ አራጋው። "ጠበል ሲረጭ በግራ የመጣውን አላዩትም።"

"ለዝናሽ ነገርካት?"

"አልነገርኳትም።"

"ሽማግሌዎቹ ፊት ስሰድብህስ? ይህን ብትላቸው በዚያው ይለቁህ አልነበር?"

"የእርስዎ ነገር ነው እንጂ የኔ አይደለማ።"

አያ ንጉሤ ዱላቸውን ይዘው ተነሱ። ሐጂ ይመር ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። ሁላችንም ተከትለናቸው ወጣን። ከረጢቱን አንሱት አሉ። ሁለት ሰዎች ሲስቡት ሥዕሉ ተገለጠ፤ ከስልክ ላይ ካየሁት ይልቅ ያምራል። ከኋላ ዞብል አለ፤ እንደ ጣሊያኖቹ በርቀት ሰማያዊ ተደርጎ ተስሏል። ከፊት አያ ንጉሤ ቀጥ ብለው ማሽላቸውን ያያሉ። የገበያው ሰው ተሰበሰበ፤ ባለእህሎቹም ተራቸውን ትተው መጡ። ዝናሽ በሩ ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። አያ ንጉሤ ቆባቸውን አወለቁ።

"ስሙ" አሉ። "ግራ ዓይኔ አያይም። ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ደብቄአችሁ ነው። ይህ ልጅ በደህናው ጎኔ ሳለኝ እንጂ አልሰደበኝም።"

እኔ ሕዝቡ ጉድ ይላል ብዬ ጠበቅሁ። አንዷ ባለእህል ዱቄቷን ከእጇ አራገፈች። ሌላዋ ሐጂን አየች። ሁሉም ሐጂን ያያሉ።

"እናውቃለን፣ ንጉሤ" አሉ ሐጂ ይመር።

"ማን ነገራችሁ?"

"አንተው ነህ። በግራህ ሆነን ሰላም ስንልህ ዝም ብለኸን ታልፋለህ። አንድ ሰሞን ኮራ ብለን አማንህ። ኋላ ሲገባን፣ በቀኙ እንምጣለት ተባባልን። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህ ገበያ በቀኝህ ነው የሚመጣው። ሥዕሉን ሳይ እኔ ወዲያው ገብቶኛል፤ ግን በምን አፌ ልንገርህ?"

አያ ንጉሤ ሰዉን ከዳር እስከ ዳር አዩት፤ ፊታቸውን እያዞሩ፣ አሁን ሳይደብቁ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ልደግፋቸው ስል ለካ እየሳቁ ነው። እሳቸው ሲስቁ ሴቶቹ ለቀቁት፤ ሐጂ ሳቁ፤ እኔማ መጽሐፌን አቅፌ ከሳቅ ለቅሶ፣ ከለቅሶ ሳቅ ስመላለስ ቆየሁ። አንዲት እህል ልታስፈጭ የመጣች ሴት፣ አይዞሽ ብላ በዱቄት እጇ ጀርባዬን መታችኝ።

ሲበርድላቸው አራጋውን በእጃቸው ጠሩት። ልጁ እንደለመደው ዞሮ በቀኛቸው በኩል መጣ። አንገቱን ይዘው ሳሙት፤ ከዚያ በሩ ላይ ወደ ቆመችው ልጃቸው ፊታቸውን አዞሩ።

"ሰርጉ በጥር ነው፣ እንደተቆረጠው" አሉ። "ያን ለት እሷን በቀኜ በኩል አስቀምጧት። ላያት እፈልጋለሁ።"